ኮምፒዩተር ምን ያስታውሳል? ምንስ ይረሳል?

በኢትዮጵያ ደጋማው ክፍል ዝናም በሚበረታበት በክረምቱ ወራት ጅቡቲ ከተማ በሙቀት ትጋያለች። የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስም አቧራውን ተሸክሞ ይነፍሳል። ትምህርት ቤቶች የሚዘጉትም በዚሁ ወቅት ነው። ከምናውቃቸው የከተማይቱ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የኮምፒዩተር ክፍሉ በሰኔ ተቆልፎ፣ መብራቱም ከዋናው ማጥፊያ ጠፍቶ፣ እስከ መስከረም ድረስ እንዲሁ ቆየ።

በመስከረም ክፍሉ ሲከፈት ከ11ዱ ኮምፒዩተሮች 9ኙ እንደ ወትሮው አልተነሡም። በጥቁሩ መስኮት ላይ ቀንና ሰዓት እንዳልተሞላ የሚገልጽ መልእክት ወጣ። የተባለው ቁልፍ ሲጫን ማሽኖቹ ይነሣሉ፤ ነገር ግን ዕለቱ ጃንዩወሪ 1 ቀን 2009 ነው ይላሉ። የኢንተርኔት ገጾችም አልከፈት አሉ፤ ምክንያቱም የገጾቹን እውነተኛነት የሚመሰክረው ሰነድ የሚጸናበት ጊዜ ገና አልደረሰም ብለው ማሽኖቹ ስለሚያምኑ ነው። ከሁሉ ይልቅ ያሳቀን ግን በዚያው ዕለት የተሠራ የቤት ሥራ፣ ሠሪው ተማሪ ከመወለዱ በፊት እንደተጻፈ ሆኖ መመዝገቡ ነው።

«አርጅተዋል፤ ወጥተው ይጣሉ» የሚል ሐሳብ ቀረበ። እኛም ጥቂት ቀን ይታገሡን ዘንድ ለመንን። ማሽኖቹ አልሞቱም፤ የረሱ ብቻ ነበሩ። አንድ ኮምፒዩተር ምን እንደሚያስታውስ፣ የሚያስታውሰውን የት እንደሚያኖር፣ ሲረሳም ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት ነገሩን ከታሪኩ መጀመር ይበጃል። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲነሣ ምንም የማያውቅ ማሽን

የኮምፒዩተር የሥራ ማኅደረ ትውስታ እንደ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ነው። መብራት ሲጠፋ የተጻፈበት ሁሉ ይጠፋል። ስለሆነም ማሽኑ በበራ ቁጥር ከየት እንደሚጀምር የሚነግረው፣ በማዘርቦርዱ ላይ በሚገኝ ቺፕ ውስጥ በቋሚነት የተጻፈ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ይህን የመሰለው ከመሣሪያው ጋር የተጣበቀ ፕሮግራም በጥቅሉ ፈርምዌር ይባላል። በግል ኮምፒዩተሮች ዘንድ ግን ለብዙ ዘመን የታወቀው ባዮስ በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣው በ1970ዎቹ ሲፒኤም የተባለውን ሥርዓት የደረሰው አሜሪካዊው ጋሪ ኪልዳል ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ፕሮግራሙ በአንድ ፋብሪካ ለተሠሩት አንድ ዓይነት ቦርዶች ሁሉ አንድ ነው። ማሽኖቹ ግን ይለያያሉ፤ አንዱ ሁለት ዲስክ ሲኖረው ሌላው አንድ ብቻ አለው፤ የአንዱ ማኅደረ ትውስታ ሰፊ ሲሆን የሌላው ጠባብ ነው። ባለቤቱም ማሽኑ ከየትኛው ዲስክ እንዲነሣ እንደሚፈልግ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ይህን ልዩነት የሚመዘግበው ቅንብር ይባላል። ፕሮግራሙን እንደ ትምህርት ቤት ደንብ፣ ቅንብሩን ደግሞ እንደ ክፍል ስም መጥሪያ ብንመስለው ከእውነቱ አንርቅም። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ ስም መጥሪያው ግን በየክፍሉ ይለያያል።

በጣት የሚጻፍ ትውስታ

አይቢኤም የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን የግል ኮምፒዩተሩን ኦገስት 12 ቀን 1981 (ነሐሴ 6 ቀን 1973 ዓ.ም.) ለሕዝብ ሲያቀርብ ቅንብሩ የሚቀመጠው በጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች ነበር። በማዘርቦርዱ ላይ በሁለት ረድፍ ስምንት ስምንት ሆነው የተደረደሩት እነዚህ 16 ማብሪያ ማጥፊያዎች ስንት የፍሎፒ ዲስክ ማጫወቻ እንዳለ፣ ማኅደረ ትውስታው ምን ያህል እንደሆነና መስኮቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለፕሮግራሙ ይነግሩት ነበር። አዲስ ዕቃ የጨመረ ሰው ሳጥኑን በካቻቢት ፈትቶ በእስክሪብቶ ጫፍ ማብሪያውን ያዛውራል።

ይህ አሠራር ቢያደክምም አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ማብሪያ ማጥፊያው ባትሪ አይሻም፤ መብራት ቢጠፋ፣ ማሽኑ በመጋዘን አሥር ዓመት ቢቀመጥም አይረሳም። ጊዜን ግን ሊቆጥር አይችልም። የ1981ዱ ኮምፒዩተር ሰዓት ስላልነበረው በተነሣ ቁጥር ቀኑን ሰው እንዲነግረው ይጠይቅ ነበር። መልስ ካላገኘ «ማክሰኞ፣ ጃንዩወሪ 1 ቀን 1980» ብሎ ይቀጥላል። ይህም በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው፤ ጅቡቲ ጁን 27 ቀን 1977 ነፃነቷን ካወጀች ሁለት ዓመት ተኩል ያህል መሆኑ ነው። ይህ ቀን የተመረጠው ዶስ የተባለው ሥርዓት ዓመታትን መቁጠር የሚጀምረው ከ1980 ስለነበረ ነው።

ሰዓትና መዝገብ በአንድ ቺፕ

ኦገስት 14 ቀን 1984 (ነሐሴ 8 ቀን 1976 ዓ.ም.) ይኸው ኩባንያ ኤቲ የተባለውን ኮምፒዩተር አወጣ። በማዘርቦርዱ ላይ ሞቶሮላ የሠራው ኤምሲ 146818 የተባለ ቺፕ ተቀመጠ። ቺፑ የነበረው ማኅደረ ትውስታ 64 ባይት ብቻ ነው፤ በዛሬ ሚዛን አንድ መስመር ጽሑፍ እንኳ በቅጡ አይዝም። ከዚህም 14ቱ ለሰዓቱ ሥራ ሲውል የቀረው 50 ባይት ለቅንብሩ ተተወ።

ሰዓቱን የሚያስኬደው የኳርትዝ ክሪስታል ነው። ክሪስታሉ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ይህ ቁጥር ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ 2 በራሱ 15 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። በመሆኑም ቺፑ ይህን ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት እየከፈለ በትክክል አንድ ሰከንድ ያገኛል።

ሌላው ጥያቄ ይህን ሁሉ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ በምን ኃይል ማቆየት ይቻላል የሚለው ነበር። መልሱ የተገኘው ከ20 ዓመት በፊት ነው። በ1963 ፌርቻይልድ በተባለው ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፍራንክ ዋንላስ ሲሞስ የተባለውን የትራንዚስተር አሠራር አስተዋወቀ። በዚህ አሠራር ሁለት ተቃራኒ ትራንዚስተሮች ጥንድ ሆነው ይሠራሉ፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው ይዘጋል። ስለዚህ ጥንዱ ሁኔታውን በሚለውጥበት ቅጽበት ካልሆነ በቀር ኤሌክትሪክ አያልፍም ለማለት ይቻላል። ይህን ያህል ቆጣቢ የሆነ ቺፕ በትንሽ ባትሪ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ሰዎች የቅንብሩን ማስቀመጫ በአሠራሩ ስም «ሲሞስ» እያሉ መጥራት ለመዱ።

መርሳቱን የሚያውቅ ማሽን

መሐንዲሶቹ ግን በዚህ ብቻ አልተወሰኑም። ባትሪ አንድ ቀን ማለቁ ስለማይቀር ማሽኑ የተበላሸ ትውስታን እንደ እውነት እንዳይቀበል ማድረግ ነበረባቸው። ዘዴው ለመምህር እንግዳ አይደለም። የተማሪዎችን ውጤት የመዘገበ መምህር ከዝርዝሩ ግርጌ ድምሩን ይጽፋል። በኋላ ቁጥሮቹን ደምሮ ከግርጌው ካልገጠመለት አንድ ቦታ ላይ አንድ ነገር እንደተለወጠ ያውቃል።

የኤቲ ኮምፒዩተር ባዮስም እንዲሁ ያደርጋል። በቺፑ ውስጥ ከ16ኛው እስከ 45ኛው አድራሻ ያሉትን ቁጥሮች ደምሮ ድምሩን በ46ኛውና በ47ኛው ላይ ያኖራል። ማሽኑ በተነሣ ቁጥር እንደገና ደምሮ ያመሳክራል። በተጨማሪም ቺፑ ኃይል ተቋርጦበት እንደነበረ የሚናገር አንድ ምልክት አለው። ምልክቱ ከወደቀ ባዮሱ 161 የሚል ቁጥር በመስኮቱ ላይ ያወጣል፤ ቀንና ሰዓት ካልተሞላ ደግሞ 163 ይላል።

ድምሩ ስሕተት መኖሩን ይናገራል እንጂ የተሳሳተው የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ በኋላ የመጡት ባዮሶች ድምሩ ካልገጠመ መዝገቡን በሙሉ ትተው ፋብሪካው የሰጠውን መነሻ ቅንብር ይይዛሉ። ቅንብርን ወደ መነሻው መመለስ የሚባለው ይህ ነው። ሰው ሆን ብሎ ሲያደርገውም መንገዱ ያው ነው። ባትሪውን ያወጣል፣ ወይም በቦርዱ ላይ ካሉት ሦስት እግሮች ሁለቱን የምታገናኘውን ጃምፐር የተባለች ቁራጭ ለጥቂት ሰከንድ ወደ ቀጣዮቹ ሁለት እግሮች ያዛውራል። መዝገቡ ይጠፋል፤ ማሽኑም መጥፋቱን ያውቅና ከመነሻው ይጀምራል። የመነሻ ፕሮግራሙ በሌላ ቺፕ ስለሚኖር አይነካም።

ሆኖም በ1980ዎቹ ይህ ብዙ ሰው አስለቅሷል። የዚያን ዘመን ማሽን ስለ ሐርድ ዲስኩ የሚያውቀው በቅንብሩ በተሞላለት የዓይነት ቁጥር ብቻ ነበር። ባትሪው ሲያልቅ ቁጥሩ ይጠፋል። በዲስኩ ላይ ያለው ጽሑፍ አንዲት ፊደል ሳትጎድል ደኅና ሆኖ ሳለ ማሽኑ ግን እንዴት እንደሚያነበው አያውቅም። ብልህ የሆኑ ሰዎች ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው በሳጥኑ ላይ ይለጥፉ ነበር። እንዲህ ያላደረጉት ግን የዓመታት ሥራቸው የጠፋ መስሏቸው ተጨነቁ።

የባትሪው ፈተና

የባትሪው ታሪክ ራሱን የቻለ ነው። በ1984ቱ ማሽን ባትሪው ከቦርዱ ተለይቶ በሽቦ የተያያዘ ነበር። ቀጥሎ ብዙ ፋብሪካዎች እንደገና የሚሞላ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ በቦርዱ ላይ በየዱት። እነዚህ ሲያረጁ የሚያፈሱት ፈሳሽ በቦርዱ ላይ ያሉትን ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች እየበላ ብዙ ማሽን አጥፍቷል። ዳላስ ሴሚኮንዳክተር የተባለው ኩባንያ ደግሞ ባትሪውን፣ ክሪስታሉንና ቺፑን በአንድነት በፕላስቲክ አሽጎ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል ብሎ ሸጠ። ቆይቷልም፤ ግን ሲያልቅ ባትሪውን ብቻ ለይቶ መለወጥ አይቻልም ነበር።

በመጨረሻ የጸናው ዛሬ በየሱቁ የሚገኘው የሳንቲም ቅርጽ ያለው የሊቲየም ባትሪ ነው። ሲአር 2032 የሚለው ስሙ ልኩን ይናገራል። ስፋቱ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር ነው፤ ቮልቱም 3 ነው። የሚይዘው ኃይል 220 ሚሊአምፔር ሰዓት ያህል ነው። ሰዓቱ 5 ማይክሮአምፔር ይስባል ብንል 220ን ለ0.005 አካፍለን 44,000 ሰዓት፣ ማለትም 5 ዓመት ያህል እናገኛለን። ይሁን እንጂ ማሽኑ ከሶኬት ጋር ተያይዞ መብራት እስካለ ድረስ፣ ቢጠፋም እንኳ፣ ሰዓቱ የሚሠራው ከመስመሩ በሚያገኘው ኃይል ስለሆነ ባትሪው ያርፋል።

የጅቡቲውም ክፍል ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ክረምቱን በሙሉ መብራቱ ከዋናው ማጥፊያ ስለተቋረጠ ሸክሙ ሁሉ በባትሪው ላይ ወደቀ። ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሳይሠራም ቢሆን ኃይሉን ቀስ በቀስ ያፈስሳል፤ ሙቀት ሲጨምር ማፍሰሱ ይፈጥናል። ነገሩ ለጅቡቲ ብቻ አይደለም። በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። በባሕር የመጣ ኮምፒዩተር በኮንቴነር ውስጥ በወደቡ ፀሐይ ሲቆይ ከሶኬት የተለየ ነው። ለአንድ የወሎ ወይም የጎንደር ትምህርት ቤት የሚደርሰው ማሽን ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ባትሪው እየቆጠረ መምጣቱን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ጳጉሜን የማያውቅ ሰዓት

ያ ቺፕ ሌላም ጉድለት ነበረው። ዓመትን የሚመዘግበው በሁለት አኃዝ ብቻ ስለነበር ከ99 በኋላ 00 ይላል። ክፍለ ዘመኑን ባዮሱ በሌላ ቦታ ለይቶ መያዝ ነበረበት። በዚህ ምክንያት ጃንዩወሪ 1 ቀን 2000 ሲገባ አንዳንድ አሮጌ ማሽኖች ወደ 1900 ወይም ወደ 1980 ተመልሰዋል። ዓለምን ያሳሰበው ያ ሌሊት በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ነበር። የእኛው 2000 ዓ.ም. የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007፣ ከ7 ዓመት ከ8 ወር በኋላ ነው፤ ቺፑም ሳያውቀው አለፈ። በጅቡቲ ከተማ ቢሮው በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ መስጊዱ በሒጅራ፣ ኢትዮጵያዊው በዓሉን በእኛ አቆጣጠር ይቆጥራል። ቺፑ ግን ከ12 ወር በላይ አያውቅም፤ ለጳጉሜ ቦታ የለውም። በኮምፒዩተርና በስልክ ላይ የምናየው የኢትዮጵያ ቀን ሁሉ ከዚያ ቁጥር ላይ በፕሮግራም የተሰላ ነው። ሥሩ ሲሳሳት ስሌቱም አብሮ ይሳሳታል።

ከባትሪ ወደ ፍላሽ

በ1984 ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ በቶሺባ ኩባንያ ሲሠራ ፍላሽ የተባለውን፣ ያለ ባትሪ የሚያስታውስና ተሰርዞ እንደገና የሚጻፍ ማኅደረ ትውስታ አስተዋወቀ። በ1990ዎቹ ባዮሱ ራሱ ወደ ፍላሽ ስለገባ ቺፑን ሳይነቅሉ ፕሮግራሙን ማደስ ተቻለ። ሆኖም የሚታደስ ነገር ሊጠፋም ይችላል። ኤፕሪል 26 ቀን 1999 (ሚያዝያ 18 ቀን 1991 ዓ.ም.) ሲአይኤች የተባለው ቫይረስ በብዙ አገሮች ኮምፒዩተሮች ላይ ዲስኩን ከማበላሸቱም በላይ ባዮሱን ሰረዘ። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ባትሪውን ማውጣት ምንም አልረዳም። የጠፋው ስም መጥሪያው ሳይሆን ደንቡ ነበርና። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ፋብሪካዎች መጠባበቂያ ቺፕ እስከ መጨመር ደርሰዋል።

ባዮስን የሚተካውና ዩኢኤፍአይ የሚባለው ሥርዓት ከኢንቴል ኩባንያ ሥራ ተነሥቶ ከ2005 ጀምሮ በብዙ ኩባንያዎች ማኅበር ሲመራ ቆይቷል። በዚህ ሥርዓት ቅንብሩ በአብዛኛው የሚቀመጠው በፍላሹ ውስጥ ነው፤ ባትሪው የሚጠብቀው በተለይ ሰዓቱን ነው። በብዙ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ባትሪው ሲወጣ ፈርምዌሩ ኃይል መቋረጡን ከሰዓቱ ተረድቶ መነሻውን ቅንብር ይይዛል። በብዙ ላፕቶፖች ግን የይለፍ ቃሉ በተለየ ቦታ ስለሚቀመጥ ባትሪ ማውጣት አያጠፋውም። ስለዚህ የተዛወረ መምህር የይለፍ ቃሉን ሳያስረክብ ከሄደ አሮጌው ኮምፒዩተር በአምስት ደቂቃ ሲከፈት፣ አዲሱ ላፕቶፕ የባለቤትነት ማስረጃ ተይዞ ወደ ፋብሪካው ወኪል እስከ መሄድ ሊያደርስ ይችላል።

በክፍሉ የሠራነው ሥራ

ወደ ጅቡቲው ክፍል እንመለስ። ዘጠኝ ባትሪ ከሰፈሩ ሱቅ ገዛን። የማሽኖቹን ገመድ ከሶኬት ነቀልን፤ በውስጥ የቀረው ኃይል እንዲወጣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ጊዜ ተጫንን፤ እጃችንንም የሳጥኑን ብረት አስነካን። አሮጌዎቹን ባትሪዎች በቴስተር ስንለካ ብዙዎቹ ከ2.5 ቮልት በታች ወርደው ነበር። አዲሶቹን ከተን፣ ወደ ሴትአፕ ገብተን ቀኑንና ሰዓቱን ሞልተን፣ አስቀመጥን።

ስምንቱ ዳኑ። ዘጠነኛው በማግሥቱ እንደገና ረሳ፤ ብንፈትሸው የባትሪው መያዣ እግር ተሰብሮ ኖሯል። ከዳኑትም መካከል አንዱ ቀኑን አውቆ ሳለ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ማስነሣት አቃተው። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ስንደክም ውለን ምክንያቱን ያገኘነው ካልረሱት ሁለት ማሽኖች የአንዱን ሴትአፕ ከፍተን ስናስተያይ ነው። ሲስተሙ ሲጫን ዲስኩ የሚነበብበት ዘዴ በሰው እጅ ተለውጦ ነበር፤ ወደ መነሻው ሲመለስ ያ ለውጥ ጠፋ። ማንም አልጻፈውም ነበር። በ1980ዎቹ የዲስክ ቁጥራቸውን ባለመጻፋቸው የተጨነቁት ሰዎች ስሕተት ከዓመታት በኋላ በእኛ ላይ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ገጽ ያለው ደብተር አዘጋጀን። የዲስኩ የአነባበብ ዘዴ፣ የመነሻው ቅደም ተከተል፣ ባትሪው የተለወጠበት ቀንና የለወጠው ሰው ስም ይጻፍበታል። የይለፍ ቃሉ ታሽጎ ከርእሰ መምህሩ ዘንድ ይቀመጣል። ከሰኔ በፊትም ደብተሩ ይታደሳል።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረን ነገር ቢኖር የሚከተለው ነው። ማሽኑ የሚያስታውስበት ቦታ ከማብሪያ ማጥፊያ ወደ ባትሪ፣ ከባትሪም ወደ ፍላሽ ተዛውሯል፤ እያንዳንዱ ለውጥ አንድ ችግር ሲያቃልል ሌላ አምጥቷል። ማሽኑ ሲረሳ መርሳቱን ይነግረናል፤ ወደ መነሻውም ይመለሳል። ከመነሻው በኋላ እኛ የጨመርንለትን ግን ሊነግረን አይችልም። ያን የማስታወስ ግዴታ የእኛ ነው፤ በደብተር ያልጻፈ ትምህርት ቤት ጤነኛውን ማሽን እንደ ሞተ ቆጥሮ ይጥላል።

ለክፍል ሥራ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. አንድ ሰዓት 3 ማይክሮአምፔር ቢስብ 220 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ስንት ዓመት ይቆያል? ሙቀት መልሱን ወደየት ይለውጠዋል? ለምን?

2. 32,768ን በተከታታይ ለሁለት እያካፈላችሁ 1 እስክታገኙ ድረስ ስንት ጊዜ እንዳካፈላችሁ ቁጠሩ።

3. አሥር ቁጥሮች ጽፋችሁ ድምራቸውን ከግርጌ አስቀምጡ። አንዱን በ5 ጨምሩ፤ ሌላውን በ5 ቀንሱ። ድምሩ ስሕተቱን ያገኘዋልን? ከዚህ ምን ትረዳላችሁ?

4. በትምህርት ቤታችሁ ያሉት ኮምፒዩተሮች ባትሪ መቼ እንደተለወጠ የሚያሳይ ጽሑፍ አለን? ከሌለ ደብተሩን ዛሬውኑ ጀምሩ። ያለቁትን ባትሪዎች ሕፃናት ከማይደርሱበት አኑሩ፤ ቢዋጡ ለሕይወት ያሰጋሉና።